ፊልሙ ያደገው ከማን ልጅ ጋር ነው?



በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ ስልክ እየጠገነ ጎን ለጎን ፊልምና ሙዚቃ የሚጭን ሱቅ አይጠፋም። ልጅ ሚሞሪውን ይዞ ይሄድና “ሃሪ ፖተርን ጫንልኝ” ይላል፤ ስምንቱም ክፍል በአንድ ጊዜ ይገለበጥለታል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ገጠር ድረስ ይዘልቃል። እኛ ወላጆችስ ምን እናደርጋለን? “ምንድን ነው የምታዩት?” ብለን እንጠይቃለን፤ “የልጆች ፊልም ነው” ሲሉን “እሺ” ብለን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። የዛሬው ክርክሬ “የልጆች ነው” ከምትባለው ከዚህች ቃል ጋር ነው።

አንባቢ ሆይ! እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። የመጀመሪያው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። ወላጆቹ የሞቱበት የ11 ዓመት ልጅ ወደ አስማት ትምህርት ቤት ይገባል፤ በመጥረጊያ ይበራል፤ ጓደኞች ያፈራል። አሜሪካኖች በወላጅ ምክር ልጆች ሊያዩት ይችላሉ የሚል ምልክት ሰጡት። አራተኛው ክፍል ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ ምልክቱ ተለወጠ። አሜሪካ ውስጥ ከተከታታዮቹ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ “ከ13 ዓመት በታች ላሉት ብርቱ ጥንቃቄ” ተባለበት። በብሪታኒያም ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ አዋቂ ሲኒማ ቤት ገብቶ እንዳያየው ተደረገ። ለምን? አንድ ተማሪ በመቃብር ቦታ ይገደላል። አንድ አገልጋይ ክፉ ጌታው ሥጋ ለብሶ እንዲነሣ የገዛ እጁን ይቆርጣል። የሟቹ አባት በልጁ ሬሳ ላይ ወድቆ ይጮሃል። የፊልሙ ስም ግን ያው ነው፤ ልጁም ያው፣ መነጽሩም ያው!

ይህ ነገር በሃሪ ፖተር አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ሁለተኛው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም የሰው ልብ በእጅ ከደረት ሲወጣ አሳየ። የመጀመሪያውን ወደው ልጆቻቸውን ይዘው የሄዱ ወላጆች ተቆጡ። ያን ጊዜ የፊልሙ ዳይሬክተር ስቲቨን ስፒልበርግ ራሱ በልጆችና በአዋቂዎች መካከል ሌላ ደረጃ እንዲበጅ ሐሳብ አቀረበ፤ የ13 ዓመቱ ምልክትም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሥራ ላይ ዋለ። እንግዲህ ሁለተኛው ፊልም በመጀመሪያው ስም ተከልሎ ሊገባ እንደሚችል ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው መስክረዋል። እነርሱ የመሰከሩትን እኛ ለምን እንዘነጋለን?

“ፊልሙ የጨለመው ከተመልካቾቹ ጋር ስላደገ ነው” የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነት ነው፤ በለንደን አድጓል። ከመጀመሪያው እስከ ስምንተኛው፣ ከ2001 እስከ 2011፣ ወደ አሥር ዓመት ወስዷል። የመጀመሪያውን በ11 ዓመቱ ያየ ልጅ የመቃብሩን ትዕይንት ሲያይ 15 ሞልቶት ነበር፤ የመጨረሻውን ሲያይማ ጎልማሳ ሆኗል። የእኛ ልጅስ? ሰኞ ማታ አንደኛውን ይጀምርና ዐርብ ሳይደርስ መቃብሩ ቦታ ይገኛል። የአሥር ዓመቱን ደረጃ በአንድ ሳምንት ዘለለው ማለት ነው! ታዲያ ፊልሙ ያደገው ከማን ልጅ ጋር ነው? የ8 ዓመቷ ታናሽ እህቱም ከጎኑ ተቀምጣ ታያለች።

መድረሳ የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልጅ በቃዒዳ ይጀምራል፤ ፊደሉ ሲስተካከልለት ወደ ጁዝእ ዐማ ይገባል፤ ቁርኣኑን ሳያኸትም ወደ ኪታብ አይሻገርም። አንዱን ኪታብ የጨረሰ ደረሳ ሁለተኛውን የሚከፍተው ሸይኹ ሲፈቅድለት ነው። በጎጃም ያሉት ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ ዳዊት ያልደገመን ልጅ ቅኔ ቤት አያስገቡም። በዚህ አገር ለቅዱስ ነገር እንኳ ደረጃ ሲበጅለት ኖሯል። ለሚሞሪው ግን ደረጃም፣ ፈቃድም፣ ሸይኽም የለውም።

በሌላ ወገን ደግሞ “ሲሕር ነው፤ ሁሉንም አጥፋና ተገላገል” የሚል ወንድም አለ። የፊልምን ሸሪዓዊ ብያኔ ለዑለማዎቻችን እተዋለሁ። ሲሕር በእምነታችን ጨዋታ አለመሆኑን ግን ማንም ይስማማበታል። ነገር ግን ወንድሜ! አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሲሕሩ በመጥረጊያ እየበረረ በሳቅ ሲመጣ ዝም ብለህ፣ ሬሳ ሲታይ ብቻ ለምን ጮህህ? ደግሞስ የጨለመ ታሪክ ለልጅ አይነገርም ያለው ማን ነው? ወንድሞቹ ጉድጓድ ውስጥ የጣሉትን ዩሱፍን (ዐ.ሰ)፣ በሐሰት ደም የተቀባውንም ቀሚስ ለልጆቻችን እንተርክላቸው የለም ወይ? የቃቢልንና የሃቢልንስ? እንዲያውም ፍትሕ እንናገር ከተባለ አራተኛው ክፍል ሞትን በሞትነቱ ያሳያል፤ የሞተው ልጅ አይነሣም፤ የአባት ለቅሶም ቀልድ አይደለም። ለ14 ዓመት ልጅ ይህ ከባዶ ሳቅ ይሻላል። ልዩነቱ የዩሱፍን ታሪክ የሚሰማ ልጅ አጠገቡ ተራኪ መኖሩ ነው። ሲፈራ የሚያየው ፊት አለው፤ ሲጠይቅ የሚመልስለት አለ። በብርድ ልብስ ውስጥ ስልክ ይዞ ሌሊት የሚያይ ልጅ ግን ማን አለው?

“የእኛ ልጆች ከዚህ የባሰ አይተዋል፤ ፊልም ምን ያደርጋቸዋል?” የሚልም አለ። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው! ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ልጆቻችን የእውነት ተኩስ ሰምተዋል፤ የእውነት ቀብር ቆመዋል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጁ ከስልኩ ጋር ቤት ውሏል። የእውነት ለቅሶ የሰማ ልጅ የፊልሙን አባት ለቅሶ ሲሰማ የሚያስታውሰው ማንን ይመስልሃል? ብዙ ስላየ ምንም አይሰማውም አትበል። ብዙ ስላየ ነው ብቻውን እንዳይተው የምንለው።

ሕጉስ? የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ብሮድካስተሩን ይመለከታል፤ ከኪስ ወደ ኪስ የሚዞረውን ሚሞሪ ግን የሚቆጣጠር ጣቢያ የለውም። ስለዚህ ምልክቱን የሚለጥፈው ወላጅ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን እረኛ መሆናችንን፣ ስለ መንጋችንም እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። የቆጋ መስኖ ተጠቃሚ ገበሬ ለተራው የከፈተውን ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ትቶ አይተኛም። ፈቃድም እንዲሁ ነው፤ ለአንደኛው ክፍል የሰጠነው ፈቃድ ለሁለተኛው አያገለግልም።

እንግዲህ ውድ ወላጆች! ፊልሙን በስሙ አትፍቀዱ፤ በስሙም አትከልክሉ። ለልጆቻችሁ ለማሳየት ከወሰናችሁ ክፍሎቹን ነጣጥሏቸው፤ ቀጣዩን ከእናትና ከአባት አንዱ ቀድሞ ይየው። የ8 ዓመቷና የ14 ዓመቱ አንድ ላይ አይቀመጡ። ስታዩም አብራችሁ እዩ፤ የሚያስፈራው ቦታ ላይ አቁሙና “ምን ተሰማህ?” በሉት፤ ስለ ሲሕርም፣ ስለ ሞትም ዲናችን የሚለውን ያን ጊዜ ንገሩት። ከዒሻ በኋላ ስልኩ ከወላጅ ዘንድ ይደር። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚያስወጣው ጊዜያችንን ነው። የከበደንም እርሱ ሳይሆን አይቀርም!

ልጆቻችን በአንድ ሳምንት እንዲያረጁ አንፍቀድ። አላህ (ሱ.ወ) አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን!