የሰርቪሷ መብራት

ቤታችን ያለው ላፕቶፕ አንድ ነው። የኔ ነው እላለሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር የሁላችንም ነው። ቀን የመሥሪያ ቤቴን ሪፖርት እሠራበታለሁ፣ ማታ ልጆቹ ካርቱን ያዩበታል። ባለፈው ሴሚስተር ደግሞ እኛ ጋ ሆና ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የባለቤቴ ታናሽ እህት ተጨመረች። ለአንድ ኮርስ ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ያስፈልጋታል። ዊንዶውሱን አጥፍቶ እሱን መጫን የሚታሰብ አይደለም፤ የስንት ዓመት ሥራዬ እዚያ ላይ ነው።

መፍትሔው ቨርቹዋል ማሽን ሆነ። ግቢያችሁ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት አስቡ። የራሱ በርና ቁልፍ አለው፤ የቆመው ግን በእናንተው መሬት ላይ ነው። ቨርቹዋል ቦክስ የተባለው ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ዊንዶውሱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰርቪስ ይሠራል። ሊኑክሱ እዚያ ይገባል፣ ዋናውን ቤት አይነካም።

ተጫነ። ግን እንዴት ያለ ቀርፋፋ! መስኮት ስትጎትት እየተቆራረጠ ይከተላታል፤ አንድ ነገር ተጭና እስኪከፈት ትጠብቃለች። እኔም ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝን ነገር ተናገርኩ፦ «ሌሎቹ ተማሪዎች ታዲያ እንዴት ይሠሩታል?» ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን መጠየቅ አቆመች፤ ካምፓስ እያመሸች መምጣት ጀመረች። ባለቤቴ ደግሞ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ካስቀመጥነው ገንዘብ ላይ ለአዲስ ላፕቶፕ እንቁረጥ ማለት ጀመረ።

አንድ ቅዳሜ አብረን ተቀምጠን ስናየው ችግሩ ላፕቶፑም እሷም አልነበሩም። ለሰርቪሷ መብራት አልገባላትም ነበር።

ኮምፒውተር ውስጥ ሥዕል የሚሥል የራሱ ባለሙያ አለ፤ ግራፊክስ ካርድ ይባላል። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያለው ሊኑክስ ግን ይህን ባለሙያ በቀጥታ አያገኘውም፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ በሌላው ሥራ ላይ ሥዕሉንም ይጨምራል። የኡቡንቱ ገጽታ ጥላና እንቅስቃሴ ስለሚወድ ሸክሙ ይከብዳል። ግራፊክስ አክስለሬሽን ከዋናው ቤት ቆጣሪ መስመር እንደ መሳብ ነው፦ ሊኑክሱ የሥዕል ትዕዛዙን ወደ ውጭ ያሳልፋል፣ በእውነተኛው ካርድ ይሣላል።

አደራረጉ ቀላል ነው። ቨርቹዋል ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፉ። ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ የሚለውን ክፈቱ፤ የቪዲዮ ሜሞሪውን ወደ 128 ሜጋባይት ከፍ አድርጉ፣ መቆጣጠሪያው ለሊኑክስ ቪኤምኤስቪጂኤ መሆኑን እዩ፣ ስሪዲ አክስለሬሽን የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ማሽኑን አስነሥታችሁ ጌስት አዲሽንስ የተባለውን ጫኑ። እኛ የዘለልነው እሱንም ነበር። ስክሪኑ ከጠቆረባችሁ አትደንግጡ፤ ምልክቱን መልሳችሁ አንሡ።

ተአምር ግን አትጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ቨርቹዋል ቦክስ 7.0 አዲስ የስሪዲ አሠራር ይዞ መጥቷል፤ ሆኖም ከባድ ጌም ወይም የስሪዲ ዲዛይን የሚሠራ ልጅ ካላችሁ ይህ መንገድ አያጠግበውም። ኪውኢሙ በተባለው ሌላ ክፍት ፕሮግራም ግራፊክስ ካርዱን እንዳለ ለሰርቪሷ ማስረከብ ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሁለተኛ ካርድ ይጠይቃል፣ ለቤት ላፕቶፕ የሚሆን አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ በሙያዬ ልናገር፤ «ነጻ» የሚለውን ቃል እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች ስንጽፈው ሥሩን አንብቡ። ቨርቹዋል ቦክስ ራሱ ነጻ ነው። ኤክስቴንሽን ፓክ የሚባለው ተጨማሪው ግን ለግልና ለትምህርት ነው በነጻ የሚሰጠው፤ ለመሥሪያ ቤት ፈቃዱ ይገዛል።

ማስተካከሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን እስከ ማታ ቆየሁ፤ ቡና ላይ ነገርኳት። «እኔም እኮ የማልችለው እኔ ነኝ ብዬ ነበር» አለችኝ። አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ላፕቶፑ የሷ ነው።