ካለቀ ጎማ ትርፍ አይገኝም

የሞተር ብስክሌት ጎማ ገዥ ሱቅ ሲገባ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ነው?» ሻጩም ዋጋውን ይነግረዋል። ጎማው መቼ እንደተሠራና መቼ መለወጥ እንዳለበት የሚያነሳ ብዙ የለም። ሞተር ግን ዛሬ የንግድ መሣሪያ ነው። በአዲስ አበባ ምግብና ዕቃ ያደርሳል፤ በአርባ ምንጭና በወላይታ ሶዶ ሰው ያመላልሳል። ጎማውም እንደ ነዳጁ በሒሳብ ሊያዝ ይገባል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ብዙ ወርዷል። ከውጭ የሚገባ ጎማም ከዚህ አያመልጥም። ዋጋው ያስደነገጠው ባለሞተር ጎማውን እስኪፈነዳ መንዳት ቁጠባ ይመስለዋል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። ለምሳሌ አንድ የኋላ ጎማ በ3,000 ብር ተገዝቶ 12,000 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ ወጪው በኪሎ ሜትር 25 ሳንቲም ነው። የመጨረሻውን 1,000 ኪሎ ሜትር ትቶ ቀድሞ የለወጠ ሰው የሚያጣው 250 ብር ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ተንሸራቶ ቢወድቅ የሚሰበረው መብራት፣ የሚበላሸው ዕቃና ሞተሩ ጋራዥ የሚቆምባቸው ቀናት ከዚህ ይበልጣሉ። የአሽከርካሪው እግር ከተሰበረማ ሒሳቡም አይወራረድም።

ጎማ ማለቁን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ተበልቶ ከጉብታው እኩል ሲሆን ጎማው አብቅቶለታል። በሌሎች አገሮች ጉዳዩ በሕግ የተወሰነ ነው፤ የጥርሱ ጥልቀት በእንግሊዝ ከ1 ሚሊ ሜትር፣ በጀርመን ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። መታየት ያለበት በተለይ መሐሉ ነው። ቀጥ ባለ አስፋልት የሚሮጥ ሞተር የሚበላው መሐሉን ስለሆነ ዳሩን አይቶ «ገና ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው። ነፋስ ሲበዛም መሐሉ ይበላል፤ ሲያንስ ዳርና ዳሩ ያልቃል፤ ጎማውም ይግላል። ስለዚህ ነፋሱ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ።

የጥርስ ሥራ ውኃን ከጎማው ሥር ማስወጣት ነው። ሙልጭ ያለ ጎማ በበጋ ደህና የያዘ ይመስልና በሰኔ ዝናብ ጉዱ ይወጣል። ጥርሱ የሳሳ ጎማ መለወጥ ያለበት በግንቦት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ሻጩም ድርሻ አለው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። በብዙ ጎማዎች ጎን ላይ የሚገኙት 4 አኃዞች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ። 2223 ቢል በአውሮፓ አቆጣጠር የ2023 ዓመት 22ኛ ሳምንት፣ በእኛ የግንቦት 2015 መጨረሻ ማለት ነው። ሚሽሊን ኩባንያ ከ5 ዓመት አገልግሎት በኋላ ጎማ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከተሠራ 10 ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም እንዲለወጥ ይመክራል። በጥላ በደንብ የተቀመጠ የ1 ወይም የ2 ዓመት ጎማ መሸጥ ነውር የለበትም። ዓመታት ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመውን «አዲስ ነው» ብሎ መሸጥ ግን ደንበኛን ማጣት ነው። ደላላውም ከዋጋው ጋር ቀኑን ቢናገር ይታመናል።

ትልቁ ችግር ያለው ሞተሩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ የቀን ገቢ የሚቀበለው ባለንብረት ዘንድ ነው። አሽከርካሪው «ንብረቱ የእሱ ነው» ይላል፤ ባለንብረቱ «የሚነዳው እሱ ነው» ይላል። በመካከል ጎማው ያልቃል። መፍትሔው ቀድሞ መስማማት ነው፤ ምርመራው የአሽከርካሪው፣ ወጪው የባለንብረቱ ይሁን። ከላይ በተጠቀሰው ሒሳብ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ከሚሮጥ ሞተር ገቢ ላይ 25 ብር ቢቀመጥ በ120 ቀን ውስጥ የአዲስ ጎማ ዋጋ ይሞላል። ይህን 25 ብር እንደ ትርፍ ቆጥሮ ኪሱ የሚከት ባለንብረት የሚበላው ከሰው ሕይወት ላይ ተበድሮ ነው።