ሳይበላሽ የማይጠራ ባለሙያ

ከደቡብ ጎንደር ደራ ወረዳ የገጠር ቀበሌ ማልዶ የተነሣ ገበሬ የወረዳው ከተማ አንበሳሜ ደርሶ፣ ተሰልፎ፣ የአገልግሎት መስኮቱ ጋ ሲቀርብ «ሲስተም የለም፤ ነገ ተመለስ» ይባላል። አይከራከርም። እንደ ክረምት በረዶ ከላይ የወረደ ነገር አድርጎ ይቀበለውና በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ገበሬው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። የሚያንገበግበኝ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛም፣ ኃላፊውም፣ በኮምፒውተር የሚሠራው ባለሱቅም ነገሩን እንደዚያው ማየታቸው ነው።

በእርግጥ መብራት ይቆራረጣል፤ ኔትወርክም ይጠፋል። ይህን አንድ የቢሮ ኃላፊ ወይም ነጋዴ ሊያስቀረው አይችልም። መብራቱ ተመልሶ ኮምፒውተሩ አልነሣ ሲል ግን ጥፋቱን ሁሉ መብራት ኃይል ላይ መጣል አይቻልም። ስታቢላይዘር አልተገዛም፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ይዞ የሚያቆየው የዩፒኤስ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬቱን የሚነቅል ሰው አልተመደበም። በደቡብ ጎንደር ደጋ ክረምት መብረቅ ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። በየዓመቱ ቀኑን ጠብቆ የሚመጣን ነገር «ድንገተኛ ብልሽት» ብሎ መመዝገብ ራስን ማታለል ነው።

በየከተማችን የሰፈነው ልማድ ይህ ነው፦ ኮምፒውተሩ እስኪቆም ይሠራበታል፤ ሲቆም ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው መጥቶ ያያል፤ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ዊንዶውሱ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ በክራክ ይጫናል፣ አፕዴቱ «እንዳያስቸግር» ይዘጋል፣ ሒሳብ ይከፈላል። የጽሕፈት ቤቱ የደንበኞች ማመልከቻ፣ የነጋዴው የዱቤ መዝገብ፣ የፋርማሲው የመድኃኒት ቆጠራ ሌላ ቦታ ካልተገለበጠ አብሮ ይጠፋል። በማግስቱ ያው ቫይረስ ያለበት ፍላሽ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፤ ብዙም ሳይቆይ ባለሙያው እንደገና ይጠራል። ባለሙያውን ክፉ ማለቴ አይደለም። በብልሽት ቁጥር የምንከፍለው እኛ ነን። ችግሩን ከሥሩ ቢነቅለው ያን ወር የቤት ኪራዩን በምን ይክፈል? አከፋፈላችን የእሱን እንጀራ ከእኛ መቸገር ጋር አሥሮታል። ይህን ያሠርነው እኛ ሆነን ሳለ «ባለሙያ ጠፋ» እያልን ማማረር ተገቢ አይደለም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲቀርብ «ይህን ያህል ኮምፒውተር፣ ይህን ያህል ፕሪንተር ተጠግኗል» ይባላል፤ ቁጥሩ ሲበዛ አፈጻጸሙ ጥሩ ይባላል። በዚህ መለኪያ ብዙ የተበላሸበት ቢሮ የተሻለ ሠራ ማለት ነው። አቧራ ያራገፈው፣ ባትሪ በጊዜው የቀየረው፣ ፋይል በየሳምንቱ የገለበጠው ሠራተኛ ግን ሪፖርት ላይ የሚያሰፍረው ቁጥር የለውም። ምንም ስላልተበላሸ «ሥራ የለውም» ይባልና ደብዳቤ እንዲጽፍ ይመደባል። ከዚያ ሰኔ ይመጣል፤ የተረፈው በጀት እንዳይመለስ አዲስ ኮምፒውተር ይገዛል፤ አንድ ፓወር ሰፕላይ ብቻ የጎደለው አሮጌው ንብረት ክፍል ውስጥ ይከመራል። መለኪያው መለወጥ አለበት፤ መስኮቱ በወሩ ውስጥ ስንት ሰዓት ተዘጋ፣ በምን ምክንያት ተዘጋ ተብሎ ይመዝገብ። ሌላው ቁጥር ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ሳይበላሽ እንንከባከበው ሲባል «እየሠራ ያለን ነገር ምን አስነካህ?» የሚሉ ሰዎች ማስረጃ አላቸው፤ ልሸሸው አልፈልግም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተናግቶ ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ አወጡ፤ አስተላለፉም። ብሔራዊ ባንክ በመግለጫው ችግሩን ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር አያይዞታል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 12 ቀን ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ የላከው የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አቆመ፤ በብዙ አገሮች በረራ ተሰረዘ። ሁለቱም ችግሮች የመጡት ሰው የሚሠራን ሲስተም ስለነካ ነው። ነገር ግን የክራውድስትራይክ ማሻሻያ ጉዳቱ የሰፋው በጥቂት ማሽኖች ላይ ሳይሞከር በአንድ ጊዜ ለሁሉም ስለተለቀቀ ነበር፤ ኩባንያው ራሱ ከዚያ ወዲህ ማሻሻያውን በደረጃ እንደሚለቅ አስታውቋል። ያለ ሙከራ መንካት አደጋ መሆኑ፣ አለመንካትን ደህና አያደርገውም።

አለመንካት የሚያስከፍለውን ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓለም አይቶታል። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያ ዕለት ሲዛመት መድኃኒቱ፣ ማለትም የማይክሮሶፍት ማሻሻያ፣ ከተለቀቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። በእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ከ19,000 በላይ የሕሙማን ቀጠሮዎች እንደተሰረዙ ተገምቷል። ያ ማሻሻያ የሚጭነው ሰው እንጂ ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም። እኛ ጋ ማሻሻያው የሚዘጋው በባለሙያው እጅ፣ በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ እቅድ አውጥቶ ለዚያ ቀን የተዘጋጀ መሥሪያ ቤት ካለ ቢያስተምረን ደስ ይለኛል።

ከውጭ የሚመጣውን ምክር እንዳለ መቅዳትም አያዋጣም። በሌላው ዓለም ቅድመ ጥገና፣ ማለትም ከብልሽት በፊት የሚደረግ እንክብካቤ፣ ሲባል በአብዛኛው ባለሙያው ሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት ማሽኖቹን ይከታተላል ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት የአማራ ክልል ይህ የሚታመን መሠረት አይደለም። አንበሳሜ የሚያስፈልጋት በእግሩ የሚመጣ፣ ደብተር የያዘ ሰው ነው። ዩፒኤሱን ከግድግዳ ነቅሎ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ይለካል። ፋይሉን በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ዲስኩን ሌላ ቤት ያስቀምጣል፤ የገለበጠውንም መልሶ ከፍቶ ያያል፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ የሚያስተማምን አይደለምና። በክልላችን የገጠር መሬት ይዞታ መዝገብ እንኳ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየገባ ባለበት ዘመን፣ አንድ ዲስክ ቢቃጠል የሚጠፋው የድንበር ክርክር ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ፎቶኮፒ ብቻ የሚያነሣ፣ የሚያስቀምጠው ፋይል የሌለው ሱቅ ግን ሲበላሽ ቢያስጠግን ይበቃዋል። የሰው ገንዘብ፣ የሰው ጤና፣ የሰው መሬት የሚመዘግብ ይህ ምርጫ የለውም።

«አቅም የለንም» የሚለው መልስ አያሳምነኝም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በዞናችን በኮምፒውተር ሙያ ወጣቶችን ያስመርቃል፤ ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የሚሄዱ ጥቂት አይደሉም። ፋርማሲው፣ ክሊኒኩ፣ ሆቴሉ፣ ጽሕፈት ቤቱና የግንባታ ዕቃ መደብሩ ተሰባስበው አንዱን ወጣት በወር ደመወዝ ቢይዙት ለየብቻቸው ለፎርማት ከሚያወጡት ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም። ውሉ ክረምት ሳይገባ በግንቦት ይፈረም። አንድ አንቀጽ ግን አይዘለል፦ ክፍያው በጥገና ብዛት አይሰላም፤ ከመብራትና ከኔትወርክ መቋረጥ ውጪ ኮምፒውተሩ በቆመባቸው ቀናት ልክ ከወርሃዊው ክፍያ ይቀነሳል፤ ባለቤቱም ባለሙያው የጠየቀውን ባትሪና ስታቢላይዘር በጊዜው ካልገዛ ቅነሳው ባለሙያውን አይመለከትም።