ከድንጋዩ በታች ምን አለ?

ሁሩታ በአርሲ ምድር፥ ከኢተያ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ ከተማ ናት። በአካባቢዋ ካሉት ጉብታዎች በአንዱ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ከበታቹ ተዘርግቶ ያያል። ባለፈው በጋ ለሠርግ ወደዚያ በሄድን ጊዜ ከእንግዶቹ መካከል በቅየሳ ሥራ የሚተዳደር አንድ ወጣት ዘመዳችን ነበረ። በሠርጉ ማግሥት፥ ሌላው ሰው ገና ዕረፍት ሲሻ፥ እርሱ አካፋ ይዞ ሲወጣ አየነውና ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅነው። «የጠፋ ድንጋይ ልፈልግ ነው» አለን። ነገሩ ስላስገረመን ተከተልነው።

ድንጋይ ይባል እንጂ የሚፈለገው ነገር የቀያሾች ምልክት ነው፤ ይኸውም በሲሚንቶ ተገንብቶ በአናቱ ላይ ትንሽ ክብ የነሐስ ሰሌዳ የተተከለበት ችካል ነው። ካርታ የሚነሣው፥ የመንገድና የቦይ ከፍታ የሚለካው፥ የባለ ይዞታም ማሳ በትክክል የሚሰፈረው ቦታውና ከፍታው አስቀድሞ ከታወቀ ምልክት ተነሥቶ ነው። ምልክቱ የሌለበት አገር ሚዛን እንደሌለበት ገበያ ነው፤ ሁሉም በየራሱ ስፍር ይከራከራል።

በአገራችን የመሬት ልኬት ታሪክ ረዥም ነው። ፈረንሳዊው አንቶዋን ዳባዲ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ሲለካ፥ ተራሮችን ራሳቸውን እንደ ምልክት ይጠቀም ነበር። ተራራን የሚነቅል ስለሌለ የእርሱ ምልክቶች ዛሬም በቦታቸው አሉ። በኋላ ግን ሥራው የበለጠ ጥንቃቄ ስለ ጠየቀ፥ በ1950ዎቹ መጨረሻ በዓባይ ሸለቆ፥ በ1960ዎቹም ኢትዮጵያና አሜሪካ በኅብረት ባካሄዱት የካርታ ሥራ፥ በየጉብታው ላይ የሲሚንቶና የነሐስ ምልክቶች ተተከሉ። የዚህ ሁሉ ልኬት መነሻ በሱዳንና በግብፅ ወሰን አካባቢ የነበረው አዲንዳን የተባለው ነጥብ ነው። የሚያስደንቀው ግን፥ ያ የልኬቶች ሁሉ አባት የሆነው ነጥብ ራሱ የአስዋን ታላቅ ግድብ ከተሠራ በኋላ በናስር ሐይቅ ውኃ ተውጦ መቅረቱ ነው።

ወደ ሁሩታው ጉዳይ እንመለስ። ወጣቱ ከዚያ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ፈልጎ እንዳጣው አጫወተን። ስሕተቱ የራሱ ነበረ፤ በአሮጌው መዝገብ የተጻፈውን ቁጥር ሳይለውጥ በዛሬው የሳተላይት መሣሪያ ላይ አስገባው። አሮጌው ቁጥር ከአዲንዳን የተነሣ፥ የዛሬው መሣሪያ ደግሞ በሌላ መነሻ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ በሁለቱ መካከል በእኛ አገር ከ100 ሜትር የሚበልጥ ልዩነት አለ። ስለዚህ ከትክክለኛው ቦታ በስተ ደቡብ ምዕራብ በነበረ የሰው ማሳ ሲባዝን ውሎ ነበር።

በዚህ ቀን ግን ቁጥሩን አስተካክሎ ስለ መጣ ወደ ስፍራው ደረስን። ምልክት የሚባል ግን አልነበረም፤ ሣር የበቀለበት ጎድጓዳ ብቻ ነው። በአጠገቡ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩና ወጣቱ ባርኔጣውን አንሥቶ «አባቴ፥ እንደምን አደሩ?» ሲል እጅ ነሣ። ምን እንደሚፈልግ በነገራቸው ጊዜ ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፥ አትድከም። የነቀልነው እኛ ነን። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ እኔ ያን ጊዜ እረኛ ነበርሁ። ሰዎቹ በብዙ ድካም ሲተክሉት አይተን፥ ከበታቹ ወርቅ ባይኖር እንዲህ አይደክሙም አልን። እነርሱ ከሄዱ በኋላ በሌሊት ቆፈርን፤ ነሐሱንም አንዱ ጓደኛችን ወሰደው።»

«ከበታቹስ ምን አገኛችሁ?» አላቸው።

«ምን ይገኛል! ሌላ ሲሚንቶ ነው። ተናደድንና አፈሩን መልሰን ሄድን።»

ይህን በሰማ ጊዜ የወጣቱ ፊት በራ። ለካ የቀድሞ ቀያሾች ይህ ቀን እንደሚመጣ አውቀው ኖሯል። ዋናውን ምልክት ሲተክሉ፥ ከበታቹ በቀጥታ መስመር ሌላ ምልክት ይቀብሩ ነበር፤ ሁለቱም እንዳይያያዙ በመካከላቸው አፈር ይጨምራሉ፤ የላይኛው ቢነቀል የታችኛው እንዲተርፍ ነው። ወጣቱ ሽማግሌውን አስፈቅዶ ቆፈረ። ሙቀቱ ሲበረታ አካፋው ከጠንካራ ነገር ጋር ተጋጨ፤ አፈሩን በእጁ ቢጠርግ አረንጓዴ የለበሰ ነሐስ ተገለጠ። ለክቶ፥ ጽፎ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ እንደ ነበረ መልሶ ቀበረው።

እንዲህ ያለው ዕድል ግን ሁልጊዜ አይገኝም። መንገድ ሲሰፋ የተጠረገው፥ ቤት የተሠራበት፥ ለብረታ ብረት ነጋዴ የተሸጠው ምልክት ተመልሶ አይመጣም። ለካርታና ለማሳ ልኬት ሲባል በአጠገቡ ካሉት ረዳት ምልክቶች ተነሥቶ ሌላ መትከል ይቻላል። የማይተካ ነገር ግን አለ፤ እርሱም ዘመን ነው።

ይህን ለመረዳት ከሁሩታ ቁልቁል ወደሚታየው ሸለቆ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1969 የሥነ ምድር ሊቁ ፖል ሞርና ባልደረቦቻቸው በሰሜናዊው የስምጥ ሸለቆ ክፍል በተተከሉ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት በብርሃን ጨረር መለካት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ሮጀር ቢልሃም፥ የአዲስ አበባው ላይቀ ማርያም አስፋውና ሌሎችም ሊቃውንት የቀድሞውን ልኬት ከሳተላይት ልኬት ጋር አስተያይተው፥ እስከ 1997 በነበረው ጊዜ የሸለቆው ሁለት ወገኖች በየዓመቱ 4.5 ሚሊሜትር ያህል እንደሚራራቁ እ.ኤ.አ. በ1999 አሳተሙ። ይኸው መጠን ሳይለወጥ ቢቀጥል ከ1969 እስከ 2025 ባሉት 56 ዓመታት ሸለቆው 25 ሳንቲሜትር፥ ማለት ከአንድ ስንዝር በላይ ሰፍቷል ማለት ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ አንድ ስንዝር!

ይህ ዕውቀት ለጨዋታ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መስከረም በፈንታሌ አካባቢ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው እንዳፈናቀለ፥ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ እንደ ተሰማ አንዘነጋም። ዛሬ ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ የምድርን እንቅስቃሴ ያያል እንል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የትኛውም ሳተላይት ወደ ኋላ ተመልሶ የ1969ን ርቀት ሊለካ አይችልም። ያንን የሚመሰክረው በቦታው የቀረው ምልክት ብቻ ነው።

ኦሪት የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚያፈልሰውን ሰው ትገሥጻለች። ድንበር ገፊ የአንድ ጎረቤቱን መሬት ይወስዳል፤ የቀያሽን ምልክት የሚነቅል ግን ገና ያልተወለዱትን ጭምር ይጎዳል። ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፥ በማሳችሁ ወይም በግጦሻችሁ እንዲህ ያለ ምልክት ቢኖር ከበታቹ ወርቅ እንደሌለ ለልጆቻችሁ ንገሩ። ቤት ለመሥራት ወይም አጥር ለማጠር የሚያውካችሁ ቢሆን፥ ከመንቀላችሁ በፊት ለወረዳው የመሬት መሥሪያ ቤት አመልክቱ። የተነቀለም ቢሆን፥ የት እንደ ነበረ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ፤ የእነርሱም ትዝታ እንደ ተቀበረው ምልክት ነው፥ ካልፈለጉት አይገኝም።

ስንሰናበት ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ድንጋይ ያስለቅሙት ነበር። በጎድጓዳው ላይ ከምረው ሲጨርሱ ልጁን «ይህን የነካ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ» አሉት።