ምክንያቱን የማይጠራ ዘፈን

«ዊ አር ዘ ወርልድ» በተነሣ ቁጥር ሐበሻ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ክፉ ቀን ያሻገረን ዘፈን» ይላል። ሌላው «በረሃብተኛነት ስማችንን ያስጠራ» ብሎ ያማርራል። ሁለቱም ዋናውን ጉዳይ ስተውታል።

ጥር 20 ቀን 1977 ሌሊት ከ40 በላይ የአሜሪካ ዘፋኞች ሆሊውድ ውስጥ በሚገኘው ኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ተሰበሰቡ። የውጥኑ አባት ሃሪ ቤላፎንቴ ነበር። ዘፈኑን ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ ጻፉት፤ ቀረጻውን ኩዊንሲ ጆንስ መራው። ስቲቪ ዋንደር የስዋሂሊ ስንኝ ይግባበት ብሎ ነበር፤ የተራበው ሕዝብ ስዋሂሊ እንደማይናገር ሲነገር ሐሳቡ ቀረ። በመጨረሻ በተቀረጸው ግጥም ውስጥ «ኢትዮጵያ» የለችም። «አፍሪካ»ም የለችም። ጦርነት የለም፤ መንግሥት የለም። ረሃቡ ባለቤት የሌለው መዓት ሆኖ ቀረ።

የካቲት 28 ቀን ገበያ ላይ ዋለ። በሚሊዮኖች ተሸጠ፤ 4 የግራሚ ሽልማት ወሰደ። አሜሪካዊው ሐያሲ ግሬይል ማርከስ ከፔፕሲ ማስታወቂያ ጋር አመሳስሎ ቢነቅፈውም፣ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦበታል። ያ ገንዘብ ነፍስ አድኗል። ይህን መካድ ነውር ነው።

ግን የዘፈኑ ዝምታ ማንን ጠቀመ? መልሱ አዲስ አበባ ነው።

መስከረም 1977 ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲያልቁ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በከፍተኛ ድግስ አከበረ። ጥቅምት ላይ ቢቢሲ ኮረምን ባያሳይ ኖሮ ያ ዘፈን ባልተወለደ ነበር። ድርቁ እውነት ነው። ድርቁን እልቂት ያደረገው ግን በሰሜኑ የተካሄደው ጦርነት ነበር። በዚያ ላይ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ ብዙው በግዳጅ፣ ለሰፈራ ተጋዘ።

አሁን ሁለት እንግዶችን እናወዳድር። በሰኔ 1977 ቤላፎንቴና ባልደረቦቹ የዘፈኑን እርዳታ ይዘው ሲመጡ በሩ ተከፈተላቸው። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ደግሞ የግዳጅ ሰፈራው ሰው እየገደለ ነው ብሎ በይፋ ተናገረ። በኅዳር 1978 ከአገር ተባረረ። ለተራበው ያለቀሰ ገባ፤ ለምን እንደተራበ የተናገረ ወጣ።

ስለዚህ «ስማችንን ያጠፋው ዘፈኑ ነው» የሚለው ክስ አድራሻው ተሳስቷል። ስም ያጠፋው ሬሳ ሸሽጎ የደገሰው ነው። ደግሞስ ጥላሁን ገሠሠ በ«ዋይ ዋይ ሲሉ» ረሃብን አንጎራጉሮ የለም? ያንን ማን ስም ማጥፋት አለው?

ይህ ያለፈ ታሪክ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። በታኅሣሥ 2016 የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር የ1977ቱን የሚያስታውስ ረሃብ እያንዣበበ ነው ሲል የፌዴራሉ መንግሥት አስተባበለ። ክርክሩ እህል መቼ ይደርሳል የሚል አልነበረም፤ «ድርቅ» እንበለው ወይስ «ረሃብ» የሚል ነበር። ቃላት ሲመረጡ ሰው ይሞታል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የሎስ አንጀለስ ዘፋኝ ምክንያቱን ባይጠራ ይፈረድለት ይሆናል፤ አገሩን አያውቃትም። አራት ኪሎ የተቀመጠ ባለሥልጣን ግን ያውቃል። ከእንግዲህ «ለተጎጂዎች እጃችሁን ዘርጉ» የሚል ሹም ሁሉ ሦስት ጥያቄ ይመልስ፦ ስንት ሰው ተራበ? የት? በማን ውሳኔ? ሦስተኛውን ያልመለሰ መግለጫ፣ ዜማ የጎደለው «ዊ አር ዘ ወርልድ» ነው።