በሐሩር ወራት ስለሚቀርብ ማዕድ

በዚህ በሐምሌ ወር፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከቤታችን ደጅ እስከ መኪናችን በምንራመዳት ጥቂት እርምጃ እንኳ በላብ በምንጠመቅበት ሰሞን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እናት ሴት ልጇን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አስነሥታ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለእንግዶቿ ያቀረበችው ማዕድ በየቡናውና በየስልኩ የሐሜት ርእስ ሆኖ ሰነበተ። በገበታው ላይ የነበረው አዚፋ፣ ስልጆ፣ የሱፍና የቲማቲም ፍትፍት፣ አይብ፣ ቃሪያ ስንግ፣ በበረዶ መካከል የተቀመጠ ብርዝም ነበር። ዶሮ ወጥ አልነበረም፤ ጥብስም አልነበረም። ዕለቱ ቅዳሜ ስለ ነበረ በጾም ማመካኘት አልተቻለም፤ ስለዚህ ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ ገና ከደጅ ሳይወጡ «የጠራችን ለክርስትና ነው ወይስ ለሁዳዴ?» ማለት ጀመሩ፤ ከወጡም በኋላ ነገሩ እያደገ ሄዶ፣ ባሏ ከሥራ ሳይባረር አይቀርም እስከ መባል ደረሰ።

እኔ ከተጠሩት አንዱ ነበርሁና ስለ ማዕዱ ለመመስከር እችላለሁ። ሙቀቱ ከ95 ዲግሪ ፋረንሃይት ባለፈበት በዚያ ቀትር፣ ሰናፍጩ አፍንጫን የሚሰነጥቀው ቀዝቃዛው አዚፋ ሲቀርብ፣ ኋላ ከሁሉ አብልጦ ያማው አንድ የተከበረ ጐልማሳ ሳህኑን ደጋግሞ ሲያስሞላ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ጉዳዩ የጣዕም ጉዳይ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ጉዳዩ ውዳሴ ከንቱ ነው፤ ይኸውም ሴቲቱ በእሳት ፊት ቆማ ያልተጠበሰችበት ማዕድ ለእንግዳ ክብር አይበቃም የሚለው፣ ማንም አፍ አውጥቶ ሳይናገረው ሁላችንም የምንገዛለት ከንቱ ሕግ ነው።

በአገራችን ማድ ቤቱ ከመኖሪያው ቤት ተለይቶ በጓሮ ይሠራ እንደ ነበር፣ ጢሱና ወላፈኑም ወደ ሰማይ ይወጣ እንደ ነበር የሚዘነጋ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ድግስ በመጣ ጊዜም ጎረቤት ሁሉ፣ አንዷ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ አንዷ ዶሮ ስትገነጥል፣ አንዷ እንጀራ ስትጋግር፣ ሥራውን ተካፍሎ በጨዋታና በሣቅ ይፈጽመው ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. መባቻ ለእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ያደረጉት፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም በታሪካቸው የጻፉለት ያ ታላቅ ግብር በአንዲት ሴት እጅ የተሰናዳ አልነበረም። እኛ ግን የዚያን ግብር ትዝታ ይዘን መጥተን፣ ማድ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር በተዋሐደበት አፓርትማ፣ የጢስ ደወሉ በጮኸ ቁጥር አንዱ በፎጣ እያራገበ፣ ኤሲው ከምድጃው ጋር ሲታገል እየዋለ፣ ከሌሊት ሺፍት የተመለሰች አንዲት ሴት ብቻዋን እንድትፈጽመው እንፈርድባታለን። የቀይ ሽንኩርቱ ቁሌት በዝግታ እስኪበስል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ያውቀዋል። የማያውቀው ከሶፋው ላይ ሆኖ «ገና ነው እንዴ?» ይላል።

የሚያስገርመው ግን ይህን ሁሉ መከራ የምንቀበለው ሌላ ምግብ የሌለን ይመስል መሆኑ ነው። በአገር ቤት ሐሩሩ የሚጠናው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ በሁዳዴው ወራት ነው፤ በዚያም በሃምሳ አምስቱ ቀን እናቶቻችን ከሚያዘጋጁት ማዕድ ከእሳት የራቀም ነበረበት። ተልባው በስሱ ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ጨውና ጥቂት በርበሬ ይጨመርበትና እንጀራ ይፈተፈትበታል፤ ከተፈጨ በኋላ ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መፍጨት የባለሞያ ሥራ ነው። ሱፉ ፈላ ተደርጎ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ነጭ ጭማቂውም በውሃ ተጣርቶ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በእንጀራው ላይ ይፈስሳል፤ ዛሬ ሙቀጫውን ብሌንደር ስለ ተካው፣ ጥሩ ወንፊት ላለው ሰው ከጥቂት ደቂቃ በላይ የሚወስድ ሥራ አይደለም። እንጀራውን ግን እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ማራስ ይገባል፤ አስቀድሞ የተፈተፈተ ፍትፍት ላልቶ ገንፎ ይሆናልና።

ስልጆን በተለየ ልናገርለት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ከእኛ መካከል የሚሠራው እየጠፋ ነው። የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ጭማቂ ጋር አንድ ጊዜ በእሳት ይበስላል፤ ከበረደ በኋላ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ይገባበትና ለጥቂት ቀናት እንዲቦካ ይተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ባለቤቲቱ ክዳኑን ከመክፈት በቀር ሥራ የለባትም። ሰናፍጩም ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ ሲለወስ ነው ኃይሉ የሚነሣ፤ እሳት ከነካው ይሞታል። ስለዚህ ለአዚፋው ድፍን ምስሩን በሌሊት፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ቀቅሎ ማሳደርና፣ በማግሥቱ ሰናፍጩን፣ ሎሚውንና ቃሪያውን በቀዘቀዘው ላይ መጨመር ነው። በሶውንስ ምን ብዬ ልናገር? የዘማችና የመንገደኛ ስንቅ የነበረው የገብስ ዱቄት፣ በውሃና በማር ተበጥብጦ ወንዝ ለወንዝ ሲጓዝ የዋለውን ሰው ያቆመ ምግብ፣ ዛሬ በልጆቻችን ፊት ሲቀርብ ስሙን እንኳ የሚያውቅ አይገኝም፤ የፈረንጁን የፕሮቲን ዱቄት ግን በወተት እየመቱ በየጂሙ ይጠጣሉ።

በኩዌት በሰው ቤት ብዙ ዘመን የሠራች አንዲት እኅት እንደ ነገረችኝ፣ የአሠሪዎቿን ሩዝና ሥጋ በዚያ በሚያቃጥል አገር ስታበስል ውላ ማታ ወደ ክፍሏ ስትገባ፣ እናቷ የላከችላትን በሶ በበረዶ ውሃ በጥብጣ ከመጠጣት በቀር ወደ እሳት ዳግመኛ ለመቅረብ አትወድም ነበር። ወደ አሜሪካ መጥታ ባል ካገባች በኋላ ግን፣ በነሐሴ ወር ለባሏ ጓደኞች ዶሮ ወጥ ስትሠራ ራሷን ስታ ወድቃለች። ሆስፒታል ሊጠይቋት የመጡትም እነዚያው ጓደኞች ወጡ እጅግ ጥሩ እንደ ነበር መሰከሩላት።

ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሚደረገው የእግር ኳስ በዓላችንም በጁላይ ፀሐይ በድንኳን ሥር ጥብስ የሚያጨሱትን ነጋዴዎች እያየሁ እገረማለሁ፤ ነገር ግን እነርሱ የሚሸጡት የሚገዛላቸውን ነው፣ አልፈርድባቸውም።

የምፈርደው በቤተ ክርስቲያን ቤዝመንት ውስጥ በምናደርገው ላይ ነው። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ቀን፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ኦገስት 7 ይገባል፤ በአገር ቤት ዝናቡና ጭጋጉ የሚበረታበት፣ ትኩስ ሽሮ የሚናፈቅበት ወራት ነው፤ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ግን፣ ይልቁንም በዳላስና በላስ ቬጋስ፣ የሐሩሩ ዋና ጊዜ ነው። ቅዳሴው እስኪፈጸም ጾመው የሚቆዩት ሕፃናትና አረጋውያን ከእህል ይልቅ ቀዝቃዛ ነገር ይጠማቸዋል። እኛ ግን በአገር ቤት ትኩስ ሽሮ ይበላ ነበርና፣ መስኮት በሌለው ቤዝመንት በትልልቅ ብረት ድስት ሽሮና ምስር እናፈላለን፤ እኅቶቻችንም ኪዳን አድርሰው፣ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወደዚያ እቶን ይወርዳሉ። ሱፍና ተልባ፣ ስልጆና አዚፋ ለዚህ ጾም ያለ አንዳች ነቀፋ የተፈቀዱ መሆናቸውን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ የሰበካው ሽማግሌዎች «ምነው ዘንድሮ ማዕዱ ቀዘቀዘ?» እንዳይሉ ፈርተው ነው።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ ከእናንተ ይጀምር። የፊተኛውን ሳህን ተልባ ፍትፍት በሕዝብ ፊት አንሡ፣ አመስግኑ፣ ደግማችሁም አስጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ የሚያማ ሰው አይገኝም። እናንተ ወጣት ባሎች ደግሞ፣ አባቶቻችሁ ማድ ቤት አይገቡም ነበር እያላችሁ አታመካኙ፤ አባቶቻችሁ ከኤሲ ሥር ተቀምጠው ጨዋታ በቴሌቪዥን አያዩም ነበር። ተልባ ለመበጥበጥና ቲማቲም ለመክተፍ እጅ ያለው ሁሉ ይችላል፤ ይህን ያህል ጥበብ በዩቲዩብ ላይ እንኳ ሳይቀር ይገኛል።

ያችን እናት በተመለከተ፣ የሁለተኛ ልጇም ክርስትና በሐምሌ ቢውል እንደ ዘንድሮው እንድታደርግ እለምናታለሁ። ዶሮ ወጥ ከሌለ ክርስትናው አልተደረገም የሚል እንግዳ ካለ ግን፣ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ቢላዋውን ይዞ ይምጣ፤ ሽንኩርቱ ከነጆንያው በጓዳ ይጠብቀዋል፤ ኤሲውንም ለዚያች ሌሊት እናጠፋለታለን።