«ይውረድና ይታይ»

ናፍታ ፒክ አፕ የያዘ ሰው ይህን ፍርድ በደንብ ያውቀዋል። መኪናው ጠዋት ሲነሳ ያንኳኳል፣ ሲሞቅ ዝም ይላል። ጋራዥ ሲደርስ ድምፁ የለም። መካኒኩ ኮፈኑን ያነሳል፣ ሁለት ሦስቴ ነዳጅ ያስረግጣል፣ ጆሮውን ዘንበል ያደርግና «ብሮንዚን ነው፤ ሞተሩ ይውረድና ይታይ» ይላል። ባልሰማው ድምፅ ላይ ፈረደ ማለት ነው።

የሚያናድደኝ ይህ ልማድ የሙያ ብስለት ተደርጎ መቆጠሩ ነው። «ጆሮው ያውቃል» እንላለን። ያውቅ ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ ይስማ እንጂ! መጥቶ የሚሄድ ድምፅ ትልቁ ማስረጃው የሚመጣበት ሰዓት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጮሆ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ያለው ክፍተት ሰፍቶ፣ ወይም ኢንጀክተር ታሞ ሊሆን ይችላል። ያለቀ የቤላ ብሮንዚን አመሉ ተቃራኒ ነው፤ ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ይብስበታል፣ ጭነት ሲበዛበት ይጮኻል። ዳገት ላይ ወይም ሰልባትዮው ሲጎድል ብቻ የሚያንኳኳ መኪና የናፍታ መስመሩ አየር እየሳበ እንደሆነ መጠርጠር ነው። ሚኒሞ ላይ ተንጫጭቶ ነዳጅ ሲረገጥ የሚጠፋው ደግሞ የላላ ቆርቆሮ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን ሁሉ መለየት የሚጀመረው ባለቤቱን በመጠየቅ ነው፤ ለዚያ አንድም ብሎን አይፈታም።

እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ሃይሉክስ ላይ የተገጠሙትን ባለ 2.5 እና ባለ 3.0 ሊትር ዲ ፎር ዲ ሞተሮች እንይ። ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር ሥር ቀጭን የመዳብ ሮንዴላ አለ። ሮንዴላው ማሸግ ሲያቅተው የቃጠሎው ጋዝ ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጥቀርሻው ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልና ታች ወርዶ የዘይት ፓምፑ የሚስብበትን ወንፊት ይደፍነዋል። ዘይት ያልደረሰው ብሮንዚን ይበላል። እንግዲህ «ብሮንዚን ነው» ያለው ሰው ልክ የሚሆንበት ቀን ይመጣል! ሞተሩ ይወርዳል፣ ብሮንዚኑ ይቀየራል፣ ባለቤቱ ዕዳ ውስጥ ይገባል። ሮንዴላው ግን ካልተነካ ጥቀርሻው መውረዱን ይቀጥላል። ወንፊቱን ለማየት የሚፈታው የዘይት ቋቱ የታችኛው ክዳን ነው፤ ለዚያ ሞተር አይወርድም።

ሌላም አደገኛ ልማድ አለ። በድሮዎቹ የፖምፓ ሞተሮች፣ በእነ 3ኤል እና 5ኤል፣ የኢንጀክተር ቱቦዎችን ተራ በተራ አላልቶ የሚጮኸውን ሲሊንደር መለየት የታወቀ ዘዴ ነበር፤ ጥሩም ዘዴ ነው። ያንኑ እንደ ዲ ፎር ዲ ባለ ኮመን ሬል ሞተር ላይ የሚሞክር አለ። እዚያ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ የሚፈናጠረው ናፍታ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ ጣት እስከማስቆረጥም ያደርሳል። ለዚህ ሞተር የእያንዳንዱን ኢንጀክተር የማስተካከያ ቁጥር በኮምፒውተር ማንበብ ይቻላል። (ኮምፒውተር ሰክቶ «ምንም አላለም፣ መኪናህ ጤነኛ ነው» የሚለውም ያው ነው። ኮምፒውተር ያለቀ ብሮንዚን አያይም።)

«ካልተከፈተ አይታወቅም» የሚሉኝ ይኖራሉ። የሚከፈትበት ጊዜ አለ። የዘይት ግፊቱ በጌጅ ተለክቶ ዝቅ ካለ፣ ዘይቱ ሲወርድ ብረት ካብለጨለጨበት መኪናው ከዚያ በኋላ አንድ ኪሎ ሜትር መነዳት የለበትም። «ናፍታ ሞተር ድሮም ይጮኻል» ብሎ መንዳትም ሞተር ይበላል። እኔ የምቃወመው ሳይለኩና ሳይሰሙ መክፈትን ነው። ደህና የነበረ ሞተር አቧራ በሚነፍስበት ግቢ ተፈትቶ፣ ብሎኑ በክንድ ግምት ሲታሰር እንደ ነበረ አይመለስም።

ጥፋቱን በመካኒኩ ላይ ብቻ መጣልም አይገባም። ግማሽ ቀን አዳምጦ፣ ችንጋውን አውጥቶ፣ እንደገና አስነስቶ «የዲናሞ ኩሽኔታ ነው» ቢለን «ታዲያ ምን ሠራህና ነው የምከፍልህ?» የምንለው እኛው ነን። ሞተር ላወረደ ግን ሳንከራከር እንከፍላለን። ማዳመጥ ዋጋ በሌለበት ገበያ ማን ያዳምጣል?

ስለዚህ ባለ መኪኖች፣ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ መዝግቡ፤ በስልካችሁ ቅዱት። የጠዋት ድምፅ ከሆነ መኪናውን ማታ ጋራዥ አሳድሩትና ጠዋት መካኒኩ ራሱ ያስነሳው። ላዳመጠበት ሰዓትም ክፈሉት።